ጋቢ፣ ባና ወይስ ካልሲ? ለጨርቅ የሚሆን ፀረ ጀርም ተክል አመራረጥ

ሐምሌ ላይ ደብረ ብርሃን ውስጥ ጋቢ አጥቦ ማድረቅ ፈተና ነው። ፀሐይዋ ብቅ ትልና ጉም ይውጣታል። ጋቢውን ቤት ውስጥ ገመድ ላይ ትሰቅሉታላችሁ፤ በሦስተኛው ቀን ዳር ዳሩ ደርቆ መሃሉ እንደረጠበ ነው። ያኔ ያ ሽታ ይመጣል። ሁላችንም እናውቀዋለን። ሽታው የጥጡ አይደለም። እርጥበቱ ላይ የፈሉት ባክቴሪያና ሻጋታ ናቸው የሚሸቱት።

ጣርማ በርን አልፋችሁ፣ ደብረ ሲናን ወርዳችሁ ሸዋ ሮቢት ስትደርሱ ችግሩ መልኩን ይለውጣል። እዚያ ልብስ ቶሎ ይደርቃል፤ ላቡ ግን ፋታ አይሰጥም። ጠዋት የተደረገ ካልሲ ማታ ጫማ ሲወልቅ ቤቱን ይሞላዋል። ዞኑ አንድ ነው፤ ሰሜን ሸዋ። ከ1,300 ሜትር ገደማ ተነስታችሁ 2,800 ሜትር ላይ እስክትወጡ ግን የሚለበሰውም ጨርቅ፣ የሚያስቸግረውም ጀርም ሌላ ነው።

ከሸማኔዎችና ከትንንሽ የልብስ ማኅበራት ጋር ስሠራ የሚገጥመኝ ጥያቄ ሁሌ አንድ ነው። «ጨርቁን በመድኃኒት ተክል ብናክመው የትኛው ይሻላል? ኒም ነው ባሕር ዛፍ?» ለመመረቂያ ሥራው ርዕስ የሚፈልግ ተማሪም ይህንኑ ይጠይቀኛል። ጥያቄው ጥሩ ነው፤ ግን ከመጨረሻው ነው የሚጀምረው። መጀመሪያ ጨርቁ ምንድን ነው? ስንት ጊዜ ይታጠባል? ማን ይለብሰዋል? ተክሉ ከዚያ በኋላ ይመጣል። ጀርም የሚገድል ተክል በየአጥሩ ሥር ሞልቷል። ታጥቦ ታጥቦ ጨርቁ ላይ የሚቆይ ግን ጥቂት ነው።

ይህን የተማርኩት በሰው ጋቢ ነው። አንድ ሸማኔ አምኖ ሙሉ ጋቢ ሰጠኝ። የኒም ቅጠል ቀቅዬ፣ አጥልዬ፣ ጋቢውን አንድ ሌሊት ዘፈዘፍኩት። ሲወጣ ነጩ ጋቢ ቦታ ቦታውን አረንጓዴ ቡናማ ሆኖ ነበር። ጥለቱ ደብዝዟል። ሽታው መራራ ነው። ሁለቴ በሳሙና ሲታጠብ ደግሞ ሽታውም መራራውም ሄደ፤ የቀረው ነጠብጣቡ ብቻ ነው። ሰውዬው «ምንም አይደል ልጄ» አለኝ። እኔ ግን ዛሬም ያንገበግበኛል። መድኃኒቱ ሄዶ እድፉ የቀረው ለምን እንደሆነ ያን ጊዜ አላውቅም ነበር።

ጨርቁ ይቅደም

ሱፍና ጥጥ ለተክል ጭማቂ ያላቸው አቀባበል የሰማይና የምድር ያህል ይራራቃል።

ሱፍ ከፕሮቲን የተሠራ ነው፤ እንደ ፀጉራችንና እንደ ጥፍራችን። ፕሮቲን ደግሞ ታኒን የተባለውን የተክል ንጥረ ነገር ይወዳል። ታኒን ማለት ያልበሰለ ፍሬ ስትነክሱ አፍን የሚያንቀው፣ ጥሬ ቆዳን ወደ ለፋ ቆዳ የሚለውጠው ነው። ቆዳ ፋቂዎች የግራር ቅርፊት የሚጠቀሙት ለዚህ ነው። የመንዝ በግ ሱፍም እንደ ቆዳው ታኒንን ጨምቆ ይይዛል። ስለዚህ ባና፣ በርኖስ፣ የሱፍ ምንጣፍ ወይም የሱፍ ካልሲ የምትሠሩ ከሆነ እድለኞች ናችሁ። ግማሹን ሥራ ክሩ ራሱ ይሠራላችኋል።

ሱፍ ግን ፈላ ያለ ውኃ ላይ ቁጡ ነው። ከመንዝ የመጡ አንዲት ፈታይ እናት ነገሩን በአንድ ዓረፍተ ነገር ጨረሱልኝ። «ልጄ፣ ባና የፈላ ውኃ ካየ የልጅ ባና ይሆናል» አሉኝ። እንዳሉትም ነው። ሙቀትና ማሸት ሲገናኙ የሱፉ ቅርፊቶች ይያያዙና ጨርቁ ይኮማተራል፤ ተመልሶም አይዘረጋም። ስለዚህ ሱፍን ከፍላት በታች ባለ ሙቀት፣ ሳታማስሉ፣ ቀስ ብላችሁ አሙቃችሁ፣ ቀስ ብላችሁ አቀዝቅዙት። ከድስቱ አውጥቶ ቀዝቃዛ ውኃ ውስጥ መዶል ክልክል ነው።

ጥጥ ሌላ ፍጥረት ነው። ሴሉሎስ ከተባለ የተክል ንጥረ ነገር የተሠራ ነው፤ የተክል ጭማቂን በራሱ አጥብቆ የሚይዝበት እጅ የለውም። ጭማቂው በክሩ መሃል ይገባል፣ ይደርቃል፣ ሲታጠብ ይወጣል። የእኔ ጋቢ ታሪክ ይኸው ነው። በእጅ የተፈተለ ጥጥ ደግሞ ሌላም ጣጣ አለው። ተፈጥሯዊ ሰም አለበት። አንድ ጠብታ ውኃ በአዲስ ነጠላ ላይ ጣል አድርጉና ተመልከቱት። ጠብታው እንደ ዶቃ ክብ ሆኖ ከተቀመጠ ጨርቁ ገና ዝግ ነው። ወዲያው ከሰመጠ ዝግጁ ነው። ዝግ የሆነውን ጨርቅ በልብስ ሶዳ አንድ ሰዓት ያህል ቀቅሎ በደንብ ማለቅለቅ ያስፈልጋል። ይህን የዘለለ ሰው የቀረውን ሁሉ በከንቱ ነው የሚደክመው። ባለጥለት ጨርቅ ከሆነ ግን አስቡበት፤ የጥለቱ ክር ቀለሙን ሊለቅ ይችላል። ክሩን ከመሸመኑ በፊት፣ ልቃቂት ሳለ ማከም ከዚህ ሁሉ ይገላግላል።

ፖሊስተር ላይ ብዙ አልቆይም። የገበያው ካልሲና ቲሸርት አብዛኛው ፖሊስተር ወይም ድብልቅ ነው። ፖሊስተር ውኃ አይጠጣም፣ የላብን ቅባት ግን ይይዛል፤ ለዚህ ነው ከጥጥ ይበልጥ የሚሸተው። የተክል ጭማቂ ቤት ውስጥ ተቀቅሎ እሱ ላይ አይያዝም። ጊዜያችሁን አታባክኑ።

ከተክሎቹ የትኛው?

ለደጋ ሰው የመጀመሪያ ምርጫዬ ነጭ ባሕር ዛፍ ነው። አውቃለሁ፣ ብዙ ሰው ያዝናል። «ማገዶ አይደለም እንዴ?» ይሉኛል። በምኒልክ ዘመን ከአውስትራሊያ የመጣው ይህ ዛፍ ደብረ ብርሃን ዙሪያ ያልወረሰው ኮረብታ የለም። ቅጠሉ ምጣድ ሥር ነው የሚያልቀው። ቅጠሉ ውስጥ ግን ሁለት የተለያዩ ነገሮች አሉ፤ እነሱን ለይቶ ማወቅ ትልቅ ነገር ነው። አንደኛው ጉንፋን ሲይዘን የምንታጠንበት ዘይት ነው። ኃይለኛ ፀረ ጀርም ነው፤ ግን ተናኝ ነው። ድስቱ ሲፈላ ቤቱ የሚታወደው ዘይቱ ከድስቱ እየወጣ ስለሆነ ነው። ያ ሽታ ጨርቁ ላይ ቢገኝም በቀናት ውስጥ ይጠፋል። ሁለተኛው ታኒኑና ቀለሙ ነው። እሱ አይተንም። ጨርቁ ላይ የሚቀረው፣ ባክቴሪያውንም የሚያስቸግረው እሱ ነው። ስለዚህ ለባሕር ዛፍ ስትቀቅሉ ሽታው አያታልላችሁ። ሽታ የሌለው ቡናማ ውኃ ነው የምትፈልጉት።

ሱፍ በባሕር ዛፍ ቅጠል ያለ ምንም አስያዥ፣ ማለትም ቀለሙን ክሩ ላይ የሚያጣብቅ ነገር ሳይገባበት እንኳ፣ ቢጫ ቡናማ ይሆናል። ወይባ የለበሰ መነኩሴ ያያችሁ ሰዎች ቀለሙን መገመት ትችላላችሁ። የመንዝ ነጭ ሱፍ ላይ በጣም ያምራል።

ቆላ ያላችሁ ደግሞ የግራር ቅርፊት አላችሁ። ከባሕር ዛፍ ቅጠል በታኒን ይበልጣል። ቅርፊቱን ግን ከቆመ ዛፍ ዙሪያውን አትላጡ፤ ዛፉ ይሞታል። ለማገዶ ከተቆረጠው ግንድ ላይ ውሰዱ። የሮማን ልጣጭ ካገኛችሁ እሱም በታኒን የታወቀ ነው፤ ጨርቅ ማቅለሚያነቱም የቆየ ነው። ለነጠላና ለሻርፕ ከሁሉም የላቀ ንጹሕ ቢጫ ይሰጣል። እኛ አካባቢ እንደ ልብ አይገኝምና ለብዙ ጨርቅ አትተማመኑበት።

ከዚህ ቀጥሎ የምወዳቸው ሁለት ሥሮች አሉ። መቅመቆና እንሶስላ። መቅመቆን እናቶቻችን ለቅቤ ማንጠሪያ ያውቁታል፤ ለቅቤው ቀለም የሚሰጠው እሱ ነው። ሥሩ ውስጥ አንትራኪኖን የሚባሉ ውህዶች አሉ፤ ቀለምም ፀረ ጀርምም ናቸው። እንሶስላ ደግሞ ሴቶች እጅና እግር የሚያሞቁበት ነው። ቀለሙን የሚሰጠው ናፍቶኪኖን ከሂና ጋር የአንድ ቤተሰብ ውህድ ነው፤ ፈንገስ ላይ ይበረታል። እግር በእንሶስላ ማሞቅ ጌጥ ብቻ እንዳልነበረ ከዚህ መገመት አይከብድም። እጅ ላይ ሳምንታት የሚቆየው የቆዳን ፕሮቲን ስለሚይዝ ነው። ሱፍም ፕሮቲን ነው። ስለዚህ ለሱፍ ካልሲና ለጫማ ውስጥ ንጣፍ እንሶስላን ከማንም አስቀድማለሁ። ችግሩ መጠን ነው። ሥሩ ከተነቀለ ተክሉ አበቃ። በጓሮ የሚያለማ ሰው ካልተገኘ ለንግድ ማሰብ አግባብ አይመስለኝም። መቅመቆም ሥሩ ነው የሚፈለገው፤ ግን ገበያ ላይ ይሸጣል፣ እንደ እንሶስላ አያስጨንቅም። መቅመቆ ላይ አንድ ልብ በሉ። ሶዳ የበዛበት ሳሙና ሲነካው ወደ ቀይ ይሸሻል። እርድም እንደዚያው ነው፤ ቢጫው ጨርቅ ሳሙና ሲያገኘው ይቀላል፣ ፀሐይ ላይ ሲሰጣ ደግሞ ይገረጣል። ለዚህ ነው እርድን ለጨርቅ የማልመርጠው፤ ውስጡ ያለው ኩርኩሚን ጥሩ ፀረ ጀርም ቢሆንም።

ኒምስ? ኒም የቆላ ዛፍ ነው። የደብረ ብርሃንን ውርጭ አይችልም፤ የሸዋ ሮቢት ሙቀት ግን ይስማማዋል። ዝናውን አልነፍገውም፤ ቅጠሉም ፍሬውም ብዙ ጀርም ይከላከላል። ነገር ግን ዋነኞቹ መራራ ውህዶቹ ውኃ ውስጥ በደንብ አይሟሙም፣ ጥጥም አይይዛቸውም። በውኃ ቀቅሎ መዘፍዘፍ ደካማው መንገድ ነው። በአልኮል የወጣ ጭማቂ ይሻላል፤ እሱም ቢሆን አጣባቂ ይፈልጋል። ኒም የሚያዋጣው ሌላ ቦታ ነው። ባናን የሚበላውን ብል ለመከላከል። ብል ነፍሳት ነው፣ ጀርም አይደለም። የደረቀ የኒም ቅጠል በስስ ጨርቅ ቋጥሮ ባናው የተቀመጠበት ሳጥን ውስጥ ማኖር ቀላል ነው፣ እድፍም የለውም።

ሬት ላይ የተለየ ፍቅር አለኝ፤ ምክንያቱም አንዱ የሬት ዓይነት የእኛ ነው። ሳይንሳዊ መጠሪያው አሎ ደብራና ይባላል። ስሙን ያገኘው ከደብረ ብርሃን ነው፤ የሚገኘውም ኢትዮጵያ ውስጥ ብቻ ነው። የሬት ዝልግልግ ጨርቁን ያለሰልሳል፣ ቆዳንም አያስቆጣም። ለብቻው ግን ታጥቦ ይሄዳል፤ ስኳር መሰል ነገር ስላለው በደንብ ካልደረቀ እንዲያውም ሻጋታ ይጋብዛል። በአጣባቂ ለሚሠራ ሰው ጥሩ ነው። ቤት ውስጥ ለሚሠራ ሰው አልመክርም። ከዱር የምትነቅሉ ከሆነ ደግሞ እባካችሁ ተዉት።

እንዶድን የማነሳው ሳይጠየቅ ስለማይቀር ነው። እንዶድ ማጠቢያ ነው፤ ማከሚያ አይደለም። ፍሬው ውስጥ ያለው ሳፖኒን አረፋ ያወጣል፣ ቆሻሻ ያነሳል፣ ፈንገስም ላይ ይሠራል። ሲለቀለቅ ግን አብሮ ይሄዳል። ዶክተር አክሊሉ ለማ እ.ኤ.አ. በ1964 አድዋ ላይ ያስተዋሉት ይህንኑ ነው። ሴቶች በእንዶድ ልብስ ከሚያጥቡበት በታች ቀንድ አውጣዎቹ ሞተው ተገኙ። ከዚያ ግኝት የቢልሃርዚያን ተሸካሚ ቀንድ አውጣ የመከላከል ምርምር ተወለደ፤ እ.ኤ.አ. በ1989ም ከዶክተር ለገሰ ወልደ ዮሐንስ ጋር ራይት ላይቭሊሁድ የተባለውን ሽልማት አስገኘላቸው። ለእኛ ጉዳይ ትምህርቱ ግልጽ ነው። የሚገድለው ነገር ከውኃው ጋር ወርዷል። ጨርቁ ላይ አልቀረም። ስለዚህ ጋቢያችሁን ከማከማችሁ በፊት በእንዶድ ማጠብ ትችላላችሁ። «በእንዶድ የታከመ» ብላችሁ ግን አትሽጡ።

ጤና አዳምን ከነጭራሹ ከጨርቅ አርቁት። ለቡና ያማረ ነው። ጭማቂው ቆዳ ላይ ሆኖ ፀሐይ ሲያገኘው ግን ቆዳን እንደ እሳት ሊያቃጥል፣ ውኃ ሊያስቋጥር ይችላል። በታከመ ነጠላ አንገቱን ጠምጥሞ ጥምቀት የወጣ ሰው ምን እንደሚሆን አስቡት። የብሳና ፈሳሽም ለጭርት ይቀባል እንጂ ለልብስ አይሆንም፤ ቆዳ ያስቆጣል፣ ጨርቅም ያድፋል።

የወይራ ጢስ ላይም ጥያቄ ይመጣል። ልብስ በወይራ ማጠን ደስ ይላል፤ ሽታ ይሸፍናል። ውጤቱ ግን እስከሚቀጥለው እጥበት ነው። እንደ ሽቶ ቁጠሩት።

እንዴት ይያዝ?

እዚህ ላይ ነው ምርጫው የሚወሰነው፤ ስለዚህ ረጋ ብለን እንየው።

ቤት ውስጥ ለሚሠራ ሰው የሚሆነው መንገድ አሉም ነው። ውኃ ለማጥራት የሚጨመረው ነጭ ፍርክስክስ ማዕድን ማለቴ ነው። አሉም በአንድ እጁ ክሩን፣ በሌላ እጁ ታኒኑን ይይዛል። ለ1 ኪሎ ደረቅ ጨርቅ ከ100 እስከ 150 ግራም ይበቃል። ውኃው 20 ሊትር ያህል ይሁን፤ ጨርቁ ሳይታጨቅ እንዲዋኝ። ቅጠሉ ከጨርቁ ጋር እኩል ይመዘን፤ ለ1 ኪሎ ጨርቅ 1 ኪሎ ደረቅ ቅጠል። ቅጠሉን በጥላ አድርቁ፣ በሙቀጫ ደቁሱ፣ አንድ ሰዓት አንተክትኩ፣ በሻሽ አጥሉ። በደንብ ያልጠለለ ጭማቂ ነጠብጣብ ያመጣል።

ቅደም ተከተሉ እንደ ጨርቁ ይለያያል። ለሱፍ አሉሙ ይቀድማል፤ ጭማቂው ይከተላል። ለጥጥ ግን ታኒኑ ይቅደም። ጥጡ በባሕር ዛፍ ወይም በግራር ጭማቂ ይዘፍዘፍ፣ ይጨመቅ፣ ከዚያ አሉም ውስጥ ይግባ። መቅመቆ ወይም ሌላ ቀለም የምትፈልጉ ከሆነ በመጨረሻ ይገባል። ይህን አንድ ቅደም ተከተል ባውቅ ኖሮ የዚያ ሸማኔ ጋቢ ባልተበላሸ ነበር።

ከብረት ተጠንቀቁ። ታኒንና ብረት ሲገናኙ ይጠቁራሉ። አንድ የዛገ ሚስማር ቡናማው ጭማቂ ውስጥ ጣል ብታደርጉ ዓይናችሁ እያየ ዙሪያው ጥቁር ሰማያዊ ይሆናል። የዛገ በርሜል ነጭ ነጠላን አመድ ያስመስለዋል። ጥቁር ባና ለሚሠራ ግን ይኸው ነገር ቀለም ነው፤ ሆን ብሎ ሊጠቀምበት ይችላል።

ሁለተኛው መንገድ ለአነስተኛ ፋብሪካ ወይም ለዩኒቨርሲቲ ቤተ ሙከራ ነው። ጥጡ በጭማቂውና በሲትሪክ አሲድ ይነከራል፣ በሮለር ይጨመቃል፣ ከ80 እስከ 100 ዲግሪ ይደርቃል፣ ከዚያ ከ160 እስከ 180 ዲግሪ ላይ ለጥቂት ደቂቃ ይጋገራል። ሲትሪክ አሲዱ ከሴሉሎሱ ጋር ይተሳሰርና ጭማቂውን ያስራል። ለእጥበት ከአሉም ይሻላል። ዋጋ አለው ግን። ጨርቁን ትንሽ ያቢጫል፣ ጥንካሬውንም ይቀንሳል። ለሱፍ ይህን ሙቀት አታስቡ፤ ያቃጥለዋል። ቤት ውስጥ በካውያ እንሞክረው ያሉኝ ነበሩ። ካውያ እኩል አያሞቅም፤ አንዱን ቦታ ያቃጥላል፣ ሌላውን ጥሬ ያስቀራል። ሎሚ ጨምቆ መተካትም አይሆንም፤ የሎሚው ስኳር ይጠቁራል። ግሉታራልዴይድ የሚባለውን አጣባቂ የሚመክራችሁ ካለ እምቢ በሉ። ይይዛል፣ ግን ለሠራተኛውም ለለባሹም መርዛማ ነው።

ሦስተኛው ማይክሮካፕሱል ነው። የባሕር ዛፍን ዘይት በሙጫ ሽፋን ውስጥ በዓይን በማይታይ ጠብታ አሽጎ ጨርቁ ላይ ማጣበቅ ነው። ጨርቁ ሲታሽ ጠብታው ይፈነዳል፣ ዘይቱ ይወጣል። ለሚተን ዘይት ጥሩ መፍትሔ ይህ ነው። መሣሪያ ይፈልጋል፤ ከቤት ሥራ ውጭ ነው። የሙጫ አገር ነንና አንድ ቀን ከዚሁ የሚወጣ ምርት እንደማይ ተስፋ አለኝ።

ጭማቂውን ከቅጠሉ ስለሚያወጣው ፈሳሽ አንድ ቃል። ጽሑፎች ላይ ሜታኖል ደጋግማችሁ ታያላችሁ። ሜታኖል ዓይን የሚያጠፋ መርዝ ነው፤ ለቤተ ሙከራ ትንተና እንጂ ሰው ለሚለብሰው ጨርቅ አይሁን። አልኮል ካስፈለገ ኢታኖል ነው። እሱም ከእሳት ይራቅ። ለታኒን ግን ውኃ ይበቃል። ይህም አንዱ የታኒን ተክሎችን የምመርጥበት ምክንያት ነው።

ከፋብሪካው ኬሚካል ሲወዳደር

እውነቱን እንነጋገር። የብር ማዕድን፣ ኳተርነሪ አሞኒየምና ትሪክሎሳን የተባሉት የፋብሪካ ፀረ ጀርሞች ከቅጠል ጭማቂ ይበረታሉ። በትንሽ መጠን ይሠራሉ፣ ቀለም ብዙም አይለውጡም፣ ከፋብሪካ ፋብሪካ አንድ ዓይነት ናቸው። የተክል ጭማቂ ግን እንደ ወቅቱ፣ እንደ አፈሩ፣ እንደ ቅጠሉ ዕድሜ ይለዋወጣል። የጥቅምት ቅጠልና የሰኔ ቅጠል አንድ አይደለም። የሆስፒታል አንሶላ ወይም የቀዶ ሕክምና ጋውን የሚያዝ ሰው ካለ፣ በአሉም የተያዘ ባሕር ዛፍ አልሸጥለትም። ሰው የሚታከምበት ነገር በተረጋገጠ ምርት ይሁን።

ኬሚካሎቹም ጣጣ አላቸው። ብር በእጥበት እየወጣ ወንዝ ይገባል። ትሪክሎሳንን የአሜሪካ የምግብና መድኃኒት ባለሥልጣን እ.ኤ.አ. በ2016 ከቤት ውስጥ ፀረ ጀርም ሳሙናዎች አስወጥቶታል። ለጋቢ፣ ለባና፣ ለሱፍ ካልሲ፣ ለሻርፕ፣ ለአልጋ ልብስ ተክሉ ይበቃል እላለሁ። ጀርሙን ሙሉ በሙሉ ማጥፋት አይደለም የምንፈልገው። እርጥበት ሦስት ቀን ሲቆይ እንዳይፈላ ማዘግየት ነው። ቀለሙም ለገዢው ተጨማሪ ውበት ነው።

የሕፃን ልብስ ላይ ግን የኬሚካሉንም የተክሉንም ወገን አልይዝም። ጨቅላ ሕፃን ንጹሕ፣ በደንብ የደረቀ፣ ምንም ያልነካው ጥጥ ይልበስ።

እንደሠራ በምን ታውቃላችሁ?

ቤት ውስጥ ቀላል ማወዳደሪያ አለ። ከአንድ ጨርቅ መዳፍ የሚያህሉ ሁለት ቁራጮች ቁረጡ፣ አንዱን አክሙ፣ ሁለቱንም አሥር ጊዜ በተለመደው ሳሙና እጠቡ። ከዚያ እኩል አርጥባችሁ በየራሳቸው ክዳን ያለው ብርጭቆ ውስጥ ጨለማ ቦታ አስቀምጡ። በየቀኑ ሳትከፍቱ ተመልከቱ። ቀድሞ የሚሻግተው የቱ ነው? ይህ ተክል ከተክል ለማማረጥ ይረዳችኋል። ለገዢ የሚነገር ማስረጃ ግን አይደለም።

ማስረጃ የቤተ ሙከራ ነው። ወደ ዩኒቨርሲቲ ስትሄዱ ብዙ ጊዜ የሚሰጣችሁ ባለ ክብ ሳህኑ ፈተና ነው። ባክቴሪያ የተዘራበት ሳህን ላይ ጨርቁ ይቀመጣል፤ ዙሪያው ጠራ ያለ ቀለበት ከወጣ «ሠራ» ይባላል። ቀለበቱ በሰፋ ቁጥር ሁሉም ይደሰታል። ተጠንቀቁ። ሰፊ ቀለበት ማለት መድኃኒቱ ከጨርቁ እየፈሰሰ ነው ማለት ነው። የሚፈስ ነገር በእጥበት ያልቃል። ክሩን ይዞ የተቀመጠ ጥሩ ማከሚያ ቀለበት ላያወጣ ይችላል፤ ጀርሙን የሚያገኘው ጨርቁን ሲነካው ነውና። ስለዚህ የባክቴሪያ ቆጠራ ጠይቁ። አይ ኤስ ኦ 20743 ወይም ኤ ኤ ቲ ሲ ሲ 100 የሚባሉት ደረጃዎች ይህንን ይለካሉ። ስታፊሎኮከስ ኦሪየስና ኢ. ኮላይ በተባሉት ባክቴሪያዎች ላይ ይፈተን። ካልታከመው ተመሳሳይ ጨርቅ ጋር ይወዳደር። ከእጥበት በፊትም፣ ከአሥር እጥበት በኋላም ይለካ። «90 በመቶ ቀነሰ» ሲሏችሁ አትቸኩሉ። ኢ. ኮላይ ሲመቸው በ20 ደቂቃ እጥፍ ይሆናል፤ የቀረው 10 በመቶ ከአንድ ሰዓት ትንሽ አለፍ ሲል ቦታውን ይሞላዋል። 99 በመቶና ከዚያ በላይ ሲሆን ነው ወሬ የሚሆነው።

ከመሸጣችሁ በፊት ደግሞ አንድ ቁራጭ ክንዳችሁ ላይ አሥራችሁ አንድ ሙሉ ቀን ዋሉ። ካሳከከ፣ ካቀላ፣ ይቅር። መለያ ወረቀቱ ላይም «ጭርት ያድናል»፣ «ፈንገስ ይፈውሳል» ብላችሁ አትጻፉ። ተክሉ መድኃኒት ቢባልም ጨርቁ መድኃኒት አይደለም። «በባሕር ዛፍ ቅጠል የተነከረ፣ ሽታን ለመቀነስ፣ በቀዝቃዛ ውኃና በለስላሳ ሳሙና ይታጠብ» ይበቃል። አጠባበቁን መጻፍ አትርሱ። በሶዳና በበረኪና ከታጠበ የደከማችሁበት ሁሉ በአንድ ቀን ይወርዳል።

የተረፈውን ውኃም አስቡበት። የአሉምና የታኒን ውኃ ቀዝቅዞ፣ በብዙ ውኃ ቀጥኖ ሰብል የሌለበት መሬት ላይ ይፍሰስ። የእንዶድ እጣቢ ግን በምንም መንገድ እንደ ደብረ ብርሃኑ የበሬሳ ወንዝ ያለ ውኃ ውስጥ አይግባ። ቀንድ አውጣ ብቻ አይደለም የሚሞተው፤ ዓሣውም አብሮ ይሞታል። የእንዶዱን ፍሬ ስትደቁሱም አፍና አፍንጫችሁን በሻሽ ሸፍኑ። ዓይን ከገባ ያስለቅሳል፣ አፍንጫ ከገባ ማስነጠሱ አያቆምም።